ነቀርሳ መስሎ ሳምባን ስለሚያጠፋው ደዌ



አንድ ዳኛ ከፊቱ የቆመውን ሰው ስሙንና አገሩን ሳይጠይቅ፤ ምስክርም ሳይሰማ፤ መልኩ ከአንድ ከታወቀ ወንበዴ መልክ ጋር ስለ ተመሳሰለ ብቻ ቢፈርድበት፤ ፍርዱ ግፍ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በሕክምና ታሪክ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ፍርድ ለ70 ዓመት ያህል ሲሰጥ ኖሯል። በመልክ ብቻ የተፈረደውም በዓይን በማይታዩ ረቂቅ ተሐዋስያን ላይ ነበር፤ የፍርዱን ዕዳ የከፈሉት ግን በሽተኞች ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካና በኤውሮፓ ሳናቶሪዩም በሚባሉት የሳምባ ነቀርሳ ሆስፒታሎች ተኝተው ከነበሩት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ለሐኪሞቻቸው እንቆቅልሽ ሆነው ነበር። እንደ ሌሎቹ ያስላቸዋል፤ እንደ ሌሎቹ ይከሳሉ፤ ሌሊት በላብ ይጠመቃሉ፤ አልፎ አልፎም ደም ይተፋሉ። በራጅ ሲታዩ ሳምባቸው ተቦርቡሮ ይገኛል። አክታቸው በማይክሮስኮፕ ሲመረመር የሳምባ ነቀርሳ ምልክት የሆነው ቀይ በትር ይታይበታል። ነገር ግን በአጠገባቸው የተኛውን በሽተኛ የሚያድነው መድኃኒት እነርሱን አያድናቸውም። በዛሬው ንግግራችን የእነዚህን ሰዎች ሳምባ ያጠፋው ምን እንደ ነበረና ሊቃውንትም እንዴት እንደ ደረሱበት እንተርካለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ስለ ሳምባ ጥቂት ቃል መናገር ይገባል። ሳምባ ሥሩ ወደ ላይ፤ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሆነ ዛፍ ይመስላል። ዋናው የአየር ቧንቧ ግንዱ ነው፤ ከርሱም ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚሄዱት ቧንቧዎች እየተከፋፈሉና እየቀጠኑ ሄደው በመጨረሻ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ላይ ይደርሳሉ። የነዚህ ከረጢቶች ብዛት በመቶ ሚሊዮን የሚቈጠር ነው። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ስለ ሆነ ደም በዚያ በኩል ሲያልፍ ንጹሑን አየር ተቀብሎ የቈሸሸውን ይመልሳል። ቈዳ ቢቈስል ይሽራል፤ አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ የሳምባ ከረጢት ግን አንድ ጊዜ ከፈረሰ በቦታው የሚተካው መተንፈስ የማይችል ጠባሳ ነው። ስለዚህ በሳምባ ላይ የሚደርሰው ጥፋት የዕድሜ ልክ ጥፋት ነው፤ የበሽታው ትክክለኛ ስም እስኪታወቅ ድረስ የሚባክነውም ጊዜ ዋጋው የሚከፈለው በሳምባ ሥጋ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም መጋቢት 24 ቀን 1882 በበርሊን ከተማ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆሞ የሳምባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ተሐዋሲ እንዳገኘው አስታወቀ። በዚያ ዘመን ነቀርሳ እጅግ አስፈሪ ደዌ ነበር፤ ከሚሞቱት ሰዎች ሁሉ ከ7ቱ አንዱ በዚህ በሽታ እንደሚሞት ኮኽ ራሱ በዚያው ንግግሩ አመልክቷል። ተሐዋሲው በቅርጹ ቀጭን በትር የሚመስል ነው። ሰም የመሰለ ቅባት ያለው ካባ ስለ ለበሰ ቀለም በቀላሉ አይገባበትም። በዚያው ዓመት ፓውል ኤርሊኽ የተባለው ሌላው ጀርመናዊ ሊቅ፤ ቀለሙ አንድ ጊዜ ከገባበት በኋላ ደግሞ በአሲድ እንኳ ቢታጠብ እንደማይለቅ ተገነዘበ። ዚልና ኔልሰን የተባሉት ሁለት ጀርመናውያን ይህን ዘዴ አሻሻሉት። አክታው በመስተዋት ላይ ተቀብቶ በቀይ ቀለም ይነከራል፤ በአሲድ ይታጠባል፤ በመጨረሻም ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል። ሌላው ሁሉ ሰማያዊ ሲሆን የነቀርሳው በትር ብቻ እንደ ቀላ ይቀራል። ይህ ዘዴ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቶ እስከ ዘመናችን ድረስ ሲያገለግል ኖሯል፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል።

ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ አስቸጋሪ ነገር ተገለጠ። ቀዩን ቀለም የማይለቀው በትር የነቀርሳው ተሐዋሲ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ። በ1897 ሊድያ ራቢኖቪች የተባለችው ሊቅ በበርሊን ይሸጥ በነበረው ቅቤ ውስጥ ነቀርሳን የሚመስሉ ቀይ በትሮች አገኘች። በማግሥቱ ዓመት ሞለር የተባለ ጀርመናዊ ለከብት መኖ ከሚሆን ሣር ላይ ሌሎቹን አገኘ። ዶሮዎችን የሚገድለው የአዕዋፍ ነቀርሳ ተሐዋሲም ከሰው ነቀርሳ ተሐዋሲ የተለየ መሆኑ በ1890 ገደማ ታውቆ ነበር። በ1903 ደግሞ ፍሪድማን የተባለ ሐኪም በበርሊን የዓሣና የባሕር እንስሳት ማሳያ ቤት ውስጥ ሳምባቸው ከታመመ የባሕር ኤሊዎች ሌላ ዘመድ አገኘ። ከነዚህም አስቀድሞ በ1873 ሐንሰን የተባለው የኖርዌይ ሐኪም ያገኘው የሥጋ ደዌ ተሐዋሲ ከዚሁ ቤተ ሰብ የተወለደ ነው። በ1896 ሌማንና ኖይማን የተባሉት ሊቃውንት ለቤተ ሰቡ በሙሉ ማይኮባክቴሪያ የሚል ስም አወጡለት።

በአገራችን ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙን ብቻ የሰማ ሰው ወርቁን እንዳላገኘ እናውቃለን። የነዚህም ተሐዋስያን ነገር እንደዚሁ ነው። በላያቸው የለበሱት ሰም አንድ ነው፤ በውስጣቸው ያለው ጠባይ ግን ልዩ ልዩ ነው። ማይክሮስኮፕ ደግሞ የሚያሳየው ሰሙን ብቻ ነው።

ታዲያ ሊቃውንቱ ወርቁን ለማወቅ ምን አደረጉ ቢባል፤ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ ዳኛ አድርገው አቆሟት። የተጠረጠረው ተሐዋሲ በመርፌ ይሰጣታል፤ እንስሳይቱ በነቀርሳ ታማ ከሞተች ተሐዋሲው ነቀርሳ ነው ይባላል፤ ካልሞተች ግን ከቧንቧ ውሃ ወይም ከአቧራ የገባ ተራ ቈሻሻ ነው ተብሎ ይጣላል። ይህ ፍርድ ለእውነተኛው ነቀርሳ ትክክል ነበር፤ ጊኒ ፒግ በርሱ በቀላሉ ትሞታለችና። ስሕተቱ ያለው በሌላው ወገን ነው። ጊኒ ፒግን የማይገድል ሁሉ ሰውንም አይጎዳም ብሎ መደምደም ያልተመረመረ ሐሳብ ነበር። ብዙ የምርመራ ክፍሎችም በዚህ ሐሳብ ተመርተው ከበሽተኛ አክታ የበቀለውን ያልተለመደ ተሐዋሲ ሲጥሉት ኖሩ።

ገር ነው የተባለው ተሐዋሲ ምን ያህል እንደ ታመነ ለመረዳት የፍሪድማንን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ይህ ሰው ከኤሊ ያገኘው ተሐዋሲ ሰውን የማይጎዳ፤ እንዲያውም የሳምባ ነቀርሳን የሚፈውስ ነው ብሎ በ1912 በበርሊን አስታወቀ። በማግሥቱም ዓመት ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ ለበሽተኞች በመርፌ ሰጠ። መድኃኒቱ እንደ ተባለው ሆኖ አልተገኘም። የኤሊው ተሐዋሲ ዘመዶች ዛሬ ሰውን በማቍሰል የታወቁ ናቸው።

በዚህ ዓይነት 50 ዓመት አለፈ። በ1935 ማክስ ፒነር የተባለ በአሜሪካ ይሠራ የነበረ ሊቅ ከበሽተኞች የተገኙትን ከተለመደው የወጡ ተሐዋስያን ሰብስቦ በጥንቃቄ መርምሮ ጻፈ። በ1943 ደግሞ ዊልያም ፌልድማንና ጓደኞቹ ለረዥም ዘመን ሳምባውን ታሞ ከነበረ ከአንድ ሰው አክታ የአዕዋፍን ነቀርሳ ተሐዋሲ የመሰለ ማይኮባክቴሪያ እንዳገኙ አሳተሙ። ፌልድማን በሙያው የእንስሳት ሐኪም ስለ ነበረ የአዕዋፍን ነቀርሳ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ሌላው ቈሻሻ ነው ብሎ የሚጥለውን እርሱ ያስተዋለው ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም አንድ በሽተኛ አንድ ምስክር ነው፤ በአንድ ምስክር ደግሞ ፍርድ አይገለበጥም።

ፍርዱን የገለበጠው የመድኃኒት መገኘት ነው። በ1943 በአሜሪካ ሻትዝና ዋክስማን ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት አገኙ። ይህ መድኃኒት በነቀርሳ ላይ ኀይል እንዳለው በጊኒ ፒግ ላይ ፈትነው ካረጋገጡት ሰዎች አንዱ ይኸው ፌልድማን ነበር። በ1952 ኢሶኒያዚድ ተጨመረ። ከዚያ በፊት የሳናቶሪዩም ሕክምና ዕረፍት፤ ንጹሕ አየርና መልካም ምግብ፤ ሲከፋም የጎድን አጥንት ቈርጦ ሳምባውን ማስተኛት ነበረ። ሁሉም በሽተኛ በዝግታ ሲድን ወይም በዝግታ ሲሞት የአንዱ በሽታ ከሌላው መለየቱን ማን ሊያውቅ ይችላል? መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ግን በአንድ ክፍል ከተኙት መካከል ብዙዎቹ እየዳኑ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ያልዳኑት ብቻቸውን ቀሩ። ወንዙ ሲጎድል ድንጋዩ እንደሚታይ፤ እነርሱም ያን ጊዜ ታዩ።

በ1953 በካንሳስ ሲቲ ከተማ ቡህለርና ፖላክ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የሁለት በሽተኞችን ታሪክ ከሳምባቸው ምርመራ ጋር አሳተሙ። ያገኙት ተሐዋሲ በብልቃጥ ውስጥ ሲያድግ ቢጫ ስለሚሆን ቢጫው ባሲል ተባለ፤ በኋላም በካንሳስ ስም ማይኮባክቴሪዩም ካንሳሲ የሚል ስም ወጣለት። ተሐዋሲው ጊኒ ፒግን አልገደለም፤ የሰዎቹን ሳምባ ግን እንደ ነቀርሳ በልቶት ነበር። በ1957 ደግሞ ክሮውና ባልደረቦቹ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር፤ ሮም በምትባል ከተማ በሚገኘው በባቲ ሆስፒታል የተኙትን በሽተኞች መርምረው፤ በአክታቸው እንዲህ ያለ ያልተለመደ ተሐዋሲ የተገኘባቸውንና ሳምባቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች በአንድነት አቀረቡ። ሮም የተባለችው ከተማ የጣሊያኗ አይደለችም፤ ባቲም ከወሎዋ ባቲ ጋር ስሙ ይግጠም እንጂ ዝምድና የለውም። ተሐዋሲው ለብዙ ዘመን የባቲ ባሲል ሲባል ቈይቶ የአዕዋፍ ነቀርሳ ተሐዋሲ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ታወቀ። በዛሬው ዘመን ሁለቱ በአንድነት ይጠራሉ።

የሊቃውንት ክርክር ግን ወዲያው አልቆመም። አንዳንዶቹ እነዚህ ተሐዋስያን አዲስ ዘር አይደሉም፤ በአዲሶቹ መድኃኒቶች ኀይል ጠባዩን የለወጠ እውነተኛ ነቀርሳ ናቸው ይሉ ነበር። ይህም ሐሳብ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ኢሶኒያዚድን የለመደ የነቀርሳ ተሐዋሲ ጊኒ ፒግን የመግደል ኀይሉ ሊቀንስ እንደሚችል በዚያው ዘመን ታይቷልና። ነገሩን በሥርዓት ያስቀመጠው ኧርነስት ራንየን ነው። ራንየን በሶልት ሌክ ሲቲ በጦር ጡረተኞች ሆስፒታል የሚሠራ፤ በትምህርቱ የዕፀዋት ሊቅ የነበረ ሰው ነው። የዕፀዋት ሊቅ አበባን በቀለሙና በዕድገቱ እንደሚለይ እርሱም ተሐዋስያኑን በብልቃጥ አብቅሎ በቀለማቸውና በዕድገታቸው ፍጥነት ለያቸው። በ1959 ባወጣው ጽሑፉ በ4 ወገን መደባቸው፤ የመጀመሪያዎቹ በጨለማ ነጭ ሆነው አድገው ብርሃን ሲያዩ ቢጫ የሚሆኑ፤ ሁለተኞቹ በጨለማም በብርሃንም ቀለም ያላቸው፤ ሦስተኞቹ ቀለም የሌላቸው ወይም እጅግ የደበዘዙ፤ አራተኞቹም ሳምንታት ሳይጠብቁ በጥቂት ቀን የሚያድጉ ናቸው። ካንሳሲ ከመጀመሪያው፤ የባቲ ባሲል ከሦስተኛው ወገን ሆነ። ስም የለሽ ይባሉ የነበሩት ተሐዋስያን እንዲህ ስምና ወገን አገኙ።

አሁን ደግሞ እነዚህ ተሐዋስያን ሳምባን እንዴት እንደሚያጠፉ እንመልከት። ሰው ከአየር ጋር ሲስባቸው በቧንቧው ወርደው ከረጢቶቹ ዘንድ ይደርሳሉ። በዚያ ጠላትን የሚውጡ የሰውነት ዘበኞች አሉ፤ እነርሱም ሕዋሳት ናቸው። ዘበኛው ተሐዋሲውን ይውጠዋል፤ ነገር ግን የሰም ካባው ስለሚከላከልለት ሊፈጨው ያቅተዋል። ተሐዋሲውም በዋጠው ዘበኛ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይራባል። ሌሎች ዘበኞች ለእርዳታ መጥተው በዙሪያው ይሰበሰባሉ፤ እንደ እንክብል ያለ ጉብታ ሠርተውም ይከብቡታል። ጦርነቱ ካልተቋረጠ የጉብታው መካከል ይሞትና እንደ አይብ ይሆናል። ይህ የሞተ ሥጋ ቀልጦ በአየር ቧንቧ በኩል በሳል ሲወጣ በቦታው ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። እንግዲህ ሳምባውን የሚያፈርሰው ተሐዋሲው ብቻ አይደለም፤ እርሱን ለመግደል የሚደረገውም ረዥም ጦርነት ነው። ጠላትን ለማስወጣት የራሱን ቤት እንዳቃጠለ ሰው ማለት ነው።

የጥፋቱ መልክ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በላይኛው የሳምባ ክፍል ላይ ጉድጓድ የሚቈፍረው ነው፤ ይህም በባቲና በካንሳስ የታየውን የመሰለ፤ ከእውነተኛው ነቀርሳ በራጅ ለመለየት የሚያስቸግር ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሲጋራ ያጨሱትንና ሳምባቸው አስቀድሞ የደከመባቸውን በዕድሜ የገፉ ወንዶች ነው። በማዕድን ጉድጓድ የድንጋይ አቧራ ሲስቡ የኖሩ ሠራተኞችም ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ዘንድ ካንሳሲ በብዛት መታየቱ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የአየር ቧንቧዎችን የሚያሰፋው ነው። የቧንቧው ግድግዳ ሥጋና እንደ ጎማ የሚሳበው ክር ሲበላ ቧንቧው ይላላል፤ ይሰፋል፤ አክታም እንደ ቈመ ውሃ ይጠራቀምበታል። በተጠራቀመው አክታ ውስጥ ተሐዋስያን እንደ ገና ይራባሉ፤ እነርሱም ግድግዳውን እንደ ገና ይጎዱታል፤ እንዲህ እያለ ጥፋቱ ራሱን እየወለደ ይሄዳል።

ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ሊቃውንት በሚገባ ያስተዋሉት ዘግይተው ነው። በ1989 የታተመ በፊላደልፊያ ከተማ የተደረገ የሐኪሞች ጥናት፤ አስቀድሞ ምንም የሳምባ ሕመም ያልነበረባቸው 21 ሰዎች በዚህ ተሐዋሲ ታመው እንደ ተገኙና አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ ሴቶች እንደ ነበሩ አስረዳ። ከ3 ዓመት በኋላ ሁለት ሐኪሞች እንዲህ ያሉት ሴቶች ምናልባት ለጨዋነት ብለው ሳላቸውን ስለሚያምቁ ይሆናል ብለው፤ ለበሽታው ከአንድ የኦስካር ዋይልድ ተውኔት የእመቤት ዊንደርሚርን ስም ሰጡት። በተውኔቱ ውስጥ ያለችው እመቤት ግን ወጣት ናት፤ የምታስል በሽተኛም አይደለችም። የሳል ማመቁም ነገር ግምት እንጂ የተረጋገጠ አልሆነም። በመልክ ብቻ መፍረድ እንዴት ቶሎ እንደሚመለስ አድማጮቻችን ልብ ይበሉ።

እነዚህ ተሐዋስያን ከየት ይመጣሉ የሚል ጥያቄ ደግሞ አለ። እውነተኛው ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ይሻገራል። እነዚህ ግን በአብዛኛው የሚኖሩት በአፈርና በውሃ ውስጥ ነው፤ በከተማ የውሃ ቧንቧ ውስጥ እንኳ ግድግዳውን ይዘው ይኖራሉ። ለቧንቧ ውሃ የሚጨመረውንም ክሎሪን ከብዙዎቹ ተሐዋስያን ይልቅ ይቋቋማሉ። በ1959 ማይኮባክቴሪዩም ዜኖፒ ተብሎ የተሰየመው የተገኘው ከአንዲት እንቍራሪት ቈዳ ላይ ነው፤ በኋላ ግን በሙቅ ውሃ ቧንቧ ውስጥ የሚኖር ሳምባን የሚጎዳ መሆኑ ታወቀ። በ1969 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከ275 ሺህ የሚበልጡ ወጣት የባሕር ኀይል ምልምሎች ከባቲ ባሲል በተሠራ መፈተኛ በቈዳቸው ላይ ተፈትነው፤ በተለይ በደቡብ ምሥራቅ ክፍል ያደጉት በብዛት ከተሐዋሲው ጋር እንደ ተገናኙ አመለከተ። እነዚያ ወጣቶች ጤነኞች ነበሩ። እንግዲህ ተሐዋሲው የብዙ ሰው ጎረቤት ነው፤ የሚጎዳው ግን ጥቂቱን፤ ይልቁንም አጥሩ የፈረሰበትን ነው።

ከዚህ ላይ ቆም ብለን እነዚያን በሳናቶሪዩም የተኙትን ሰዎች እናስብ። በሽታቸው ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍ አልነበረም። ነገር ግን ቀይ በትር ስለ ታየባቸው ከሚስታቸውና ከልጆቻቸው ተለይተው እንደ እውነተኛ ነቀርሳ በሽተኞች ተቀመጡ፤ የማይረዳቸውንም መድኃኒት ዋጡ። ከዚህም የከፋው እውነተኛ ነቀርሳ ከያዛቸው ጋር በአንድ ክፍል መተኛታቸው ነው፤ ያልነበረባቸው በሽታ በዚያው ሊይዛቸው ይችል ነበርና። የስም ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

ይሁን እንጂ አይተላለፍም የሚለውንም ሕግ ያለ ምርመራ አንያዘው። ማይኮባክቴሪዩም አብሰሰስ የሚባለው ከአራተኛው ወገን የሆነው ተሐዋሲ፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል የትውልድ በሽታ ባላቸው ሰዎች መካከል በሆስፒታል ውስጥ ሳይሻገር እንዳልቀረ በ2013 በእንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት አመልክቷል። ሊቃውንት አንዱን ደንብ ሲያቆሙ ሌላውን ማሻሻላቸው የዕውቀት ጉዞ ነው።

ስለ ሕክምናው ጥቂት እንበል። ካንሳሲ በ1960ዎቹ መጨረሻ በመጣው ሪፋምፒሲን በሚባለው መድኃኒት ከሌሎች ጋር ተጣምሮ ሲታከም በደንብ ይሸነፋል። የባቲ ባሲልና የአዕዋፉ ዘመዱ ግን ለብዙ ዘመን እምቢ ብለው ነበር። በ1980ዎቹ የኤድስ በሽታ በተነሣ ጊዜ ይኸው ተሐዋሲ መከላከያቸው በደከመባቸው ሰዎች ላይ ከሳምባም አልፎ በደምና በመላ ሰውነት ተሠራጨ፤ ቀድሞ የጥቂቶች በሽታ የነበረውንም ዓለም ሁሉ አወቀው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክላሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን የተባሉት መድኃኒቶች ሥራ ላይ ሲውሉ ተስፋ ተገኘ። ያም ሆኖ መድኃኒቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ 3 ዓይነት በአንድነት ይሰጣል፤ አክታው ከተሐዋሲው ከጠራ በኋላም 12 ወር ያህል ይቀጥላል። በሽታው በአንድ ስፍራ ብቻ ለተወሰነበት ሰው የተበላሸውን የሳምባ ክፍል በቀዶ ጥገና ማውጣት ዛሬም የሚሠራበት ነው። ተሐዋሲው ቢጠፋ እንኳ የፈረሰው ከረጢት፤ የሰፋውም ቧንቧ አይመለስም። ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ ከሕክምናው ሁሉ ይበልጣል።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ አንድ ቃል እንጨምር። በአገራችን እውነተኛው የሳምባ ነቀርሳ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ ነው። ስለዚህ በጤና ጣቢያ በአክታ ውስጥ ቀይ በትር ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ ነው፤ በሽተኛውም የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው መዋጥ አለበት። ዛሬ ያልነው ማንንም ከመድኃኒቱ እንዲያዘናጋ አይሁን። ነገር ግን መድኃኒቱን በሚገባ የዋጠ ሰው ሳይሻለው ሲቀር፤ መድኃኒት የለመደ ነቀርሳ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት፤ ነቀርሳ መሆኑስ ተረጋግጧልን ብሎ መጠየቅ ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2010 የተቀበለው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ምርመራ የእውነተኛውን ነቀርሳ ዘር ብቻ ለይቶ ስለሚያውቅ ለዚህ ጥያቄ ይረዳል፤ ቀይ በትር በማይክሮስኮፕ ታይቶ ይህ ምርመራ ነቀርሳ የለም ካለ፤ ሌላው ዘመድ ሊሆን ስለሚችል አክታውን አብቅሎ ማየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ በ1970 የተቋቋመውና የሥጋ ደዌን ተሐዋሲ ባገኘው በሐንሰን ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የዚህን የማይኮባክቴሪያ ቤተ ሰብ ነገር ሲመረምር የቈየ ነው። እንግዲህ ዕውቀቱ ከደጃችን አይርቅም።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ይህ ታሪክ ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል፤ እነዚያ በሽተኞች በሽታቸውን አልደበቁም፤ ሳላቸውን፤ ደማቸውንና አክታቸውን ሁሉ ለሐኪም አሳይተዋል። የተደበቀው በሽታው ራሱ ነው፤ የተደበቀውም በታወቀ ስም ጀርባ ነው። ሊቃውንቱን ከስሕተታቸው ያወጣቸው ያልዳነውን ሰው ደጋግሞ መመልከታቸውና ደንቡን ከበሽተኛው በላይ አለማክበራቸው ነው። ዳኛም ቢሆን ሐኪም፤ ከፊቱ የቆመውን ሰው በመልኩ ሳይሆን በምስክር ቢመረምር ብዙ ግፍ ይቀራል፤ ብዙ ሳምባም ይተርፋል።